ለባሕር ወፍ ቆጣሪ ወጣቶች

ውድ ወጣቶች፣

የባሕር ወፎችን የመራቢያ ሰፈር ለረጅም ዘመን ለመከታተል ስትነሱ አስቀድማችሁ ልታውቁት የሚገባ ነገር አለ። ዘንድሮ የምትመዘግቡት ቁጥር ብቻውን ብዙ አይናገርም። ከ30 ዓመት በኋላ እናንተን የማያውቅ ሰው እዚያው ቦታ ቆሞ፣ በዚያው ሰዓትና በዚያው ደንብ ቆጥሮ ከእናንተ ቁጥር ጎን ሲያስቀምጠው ነው ትርጉም የሚኖረው። ሌላ ሰው ሊደግመው የማይችል ቆጠራ፣ የቱንም ያህል ቢለፋበት፣ ወፎቹን አይጠቅምም።

ይህን ያህል ዘመን ለምን ያስፈልጋል ብትሉ፣ ምክንያቱ የወፎቹ ዕድሜ ነው። ዊዝደም የተባለችው አልባትሮስ፣ ትልቅ የውቅያኖስ ወፍ፣ በፓስፊክ ውቅያኖስ ባለችው ሚድዌይ ደሴት እግሯ ላይ መለያ ቁጥር ያለው ቀለበት የታሰረላት እ.ኤ.አ. በ1956 ነው፤ በ2024 መጨረሻም እንቁላል ጥላ ታይታለች። በባሕር ዳር ገደል ላይ የምትራባው ጊለሞት የተባለች ወፍ በዓመት አንድ እንቁላል ብቻ ትጥላለች፤ መራባት የምትጀምረውም አብዛኛውን ጊዜ አምስት ዓመት ገደማ ከሞላት በኋላ ነው። እንዲህ ያለ ወፍ ጫጩት ማሳደግ ለዓመታት ቢሳነውም ገደሉ እንደ ሞላ ይቆያል፤ አሮጌዎቹ በየዓመቱ ይመለሳሉ፣ የሞቱትን ቦታ ደግሞ ተራ ሲጠብቁ የነበሩ ወጣት ወፎች ይይዙታል። ቁጥሩ ወርዶ የምታዩት ችግሩ ሥር ከሰደደ በኋላ ነው። ስለዚህ ከቆጠራው ጋር ሁለት ነገሮችን ለኩ፦ ከጥንዶቹ ስንት ጫጩት ጎጆውን ለቆ ለመሄድ እንደ በቃ፣ ከአዋቂዎቹም ስንቱ በየዓመቱ በሕይወት እንደሚመለስ። በደቡብ አትላንቲክ ባለችው የደቡብ ጆርጂያ ደሴት ዋንደሪንግ የተባለው የአልባትሮስ ዓይነት ቁጥር ሲቀንስ ጥፋቱ ከጎጆው አልነበረም። ቀለበት የታሰረላቸው ወፎች ሳይመለሱ መቅረታቸው ዓይን ሁሉ ወደ ባሕሩ እንዲዞር አደረገ፤ ወፎቹ በረጃጅም የዓሣ ማጥመጃ ገመዶች መንጠቆ እየተያዙ ይሰጥሙ ነበር። ገመዱን በሌሊት መጣል፣ ክብደት ማሰርና ወፍ ማስፈራሪያ ጥብጣብ ማንጠልጠል መፍትሔ ሆነው የተሠራባቸው ችግሩ የት እንዳለ ስለታወቀ ነው።

አሁን ወደ ቆጠራው እንምጣ። ምን እየቆጠራችሁ እንደሆነ በአንድ ዓረፍተ ነገር መጻፍ ካልቻላችሁ አትጀምሩ። ኪቲዌክ የተባለችው የገደል ወፍ ጎጆ ስለምትሠራ የሚቆጠረው እንቁላል ሊይዝ የሚችል፣ ወፍ ያለበት ጎጆ ነው። ጊለሞት ግን በባዶ አለት ላይ ስለምትጥል የሚቆጠሩት ገደሉ ላይ ያሉት ወፎች ናቸው፤ ውኃው ላይ የሚንሳፈፉት አይገቡም። በብሪታንያ በተለመደው ደንብ ይህ የሚሠራው በፈረንጆቹ ጁን ወር የመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት፣ ከረፋዱ 2 ሰዓት እስከ ቀኑ 10 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው፤ ጠዋት ማለዳና ማታ የወፎቹ ቁጥር በጣም ይዋዥቃልና። በተለያዩ ቀናት ከአምስት እስከ አሥር ጊዜ ደጋግሙት፤ የአንድ ቀን ቁጥር ዕድል ነው። ከባድ ዝናብ፣ ጭጋግ ወይም ኃይለኛ ነፋስ ካለ ሌላ ቀን ተመለሱ። የወፎችን ቁጥር ወደ ጥንድ ለመቀየር 0.67 አካባቢ በሆነ ቁጥር ማባዛት የተለመደ ነው፤ ማባዣው ግን ከሰፈር ሰፈር፣ ከዓመት ዓመት ይለያያል። የተባዛውን ብቻ መዝግቦ ዋናውን ቁጥር መጣል ይቅር የማይባል ጥፋት ነው።

ከሁሉ የከፋው ስሕተት የናሙና ቦታ ሲመረጥ ይፈጸማል። ሰው ሁሉ የሚመርጠው ወፍ የታጨቀበትን፣ ቆሞ ለማየት የሚመቸውን የገደሉን መሐል ነው። መሐሉ ግን ቀድሞውኑ የሞላ ነው፤ ሰፈሩ ሲያድግ አዲሶቹ የሚሰፍሩት ዳር ዳሩን ነው፣ ሲመናመንም ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚራቆተው ዳሩ ነው። መሐሉን ብቻ የሚያይ ሰው ሁለቱንም ሳያይ ዓመታት ያልፉታል። ገደሉን በሙሉ በካርታ ከፋፍላችሁ በዕጣ ምረጡ፤ ዕጣው ጥቂት ወፍ ያለበትን ወይም ባዶውን ክፍል ቢያወጣም ተቀበሉት። ከዚያ የናሙናውን ወሰን በትልቅ ፎቶ ላይ በቀጭን መስመር አስምሩ፣ ስንጥቁንና ጎልቶ የወጣውን ድንጋይ እየጠቀሳችሁ፤ ፎቶውን ላሚኔት አድርጋችሁ ይዛችሁ ውጡ። የምትቆሙበትን ቦታ በጂፒኤስ ብቻ አትመኑ፤ ሁለት እርምጃ ወደ ግራ ማለት አንድን የድንጋይ ደርብ ሊሸፍን ይችላልና ምልክት ትከሉ።

ስትቆጥሩ ያለፈውን ዓመት ቁጥር አትመልከቱ፤ ዓይን የሚጠብቀውን ያገኛል። ሁለት ሆናችሁ ከቆጠራችሁም እያንዳንዳችሁ ሳትጽፉ አትነጋገሩ።

የጫጩቱን ውጤት ለመለካት እንቁላል ከመጣሉ በፊት ጀምሩ። ጫጩት ከተፈለፈለ በኋላ የሚጀምር ሰው ቀድመው የከሸፉትን ስለማያያቸው ውጤቱ ካለው በላይ ያማረ ይመስለዋል። እያንዳንዱን ጎጆ በፎቶ ላይ ቁጥር ሰጥታችሁ በየጥቂት ቀኑ ተመልከቱ። የጊለሞት ጫጩት በሦስት ሳምንት ገደማ፣ መብረር ሳይችል፣ ወደ ባሕሩ ዘልሎ ከአባቱ ጋር ይሄዳል። ስለዚህ 15 ቀን ሞልቶት የጠፋ ጫጩት እንደ ወጣ ይቆጠራል፣ ከዚያ በፊት የጠፋው እንደ ሞተ። ይህ ደንብ በየዓመቱ ቢቀያየር ቁጥሮቹ አይነጻጸሩም።

ሺርዋተርና ስቶርም ፔትረል የተባሉት የባሕር ወፎች ጉድጓድ ውስጥ ስለሚራቡ በድምፃቸው ቅጂ ይጠራሉ፤ ከጉድጓዱ አፍ ላይ አሰምታችሁ መልስ ትጠብቃላችሁ። ያሉት ሁሉ ግን አይመልሱም። ወፍ እንዳለባቸው በተረጋገጡ ጉድጓዶች ላይ ለተከታታይ ቀናት ደጋግማችሁ የመላሾቹን መጠን በዚያው ሰፈር፣ በዚያው ወቅት አስሉ፤ ከሌላ ደሴት የተወሰደ መጠን ያሳስታል። መሬቱም ከሥሩ ባዶ ነው፤ ጣሪያ ከናደባችሁ እዚያው በጠፍጣፋ ድንጋይ ወይም በሣር ክዳን ጠግኑት።

ቀለበት ስታስሩ አሉሚኒየም በጨው ውኃና በአለት ይበላልና የማይዝግ ብረት ምረጡ። ቀለበት ለማንበብ ስንት ሰዓት እንደ ፈለጋችሁም ጻፉ፤ ፍለጋው በቀነሰበት ዓመት ወፎቹ የሞቱ ይመስላሉ።

መረጃው ከወፎቹ ደኅንነት አይበልጥም። ጊለሞቶች ደንግጠው ሲነሱ እንቁላሉ ይንከባለላል፣ ጋል የተባሉት ነጣቂ የባሕር ወፎችም ይወስዱታል። ቀስ ብላችሁ፣ ጎንበስ ብላችሁ ቅረቡ፤ አንገታቸውን ከፍ ዝቅ ማድረግ ሲጀምሩ ቁሙ። እ.ኤ.አ. በ2022 የወፍ ጉንፋን ጋኔት የተባለውን የባሕር ወፍ ሰፈሮች ካጠቃ ወዲህ ጫማን ሳያጸዱ ከሰፈር ወደ ሰፈር መሻገር አይፈቀድ። ወደ ደሴት ስትሄዱ ሻንጣችሁን ፈትሹ፤ አንዲት ያረገዘች አይጥ ሰፈሩን ልታጠፋው ትችላለች።

እ.ኤ.አ. ከ2014 እስከ 2016 የሰሜን ፓስፊክ ውኃ ሲሞቅ ወደ ዳርቻ የተተፉት የጊለሞት ሬሳዎች 62,000 ያህል ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው ጥናት ግን በአላስካ የሞቱት 4 ሚሊዮን ያህል፣ ከነበሩት ግማሽ ገደማ እንደሆኑ አሳየ። ይህን ማስላት የተቻለው ከሙቀቱ በፊት በሰፈሮቹ በተመሳሳይ መንገድ የተቆጠረ ቁጥር ስለነበረ ነው። እንዲህ ያለ ቀን መቼ እንደሚመጣ አይታወቅምና ቅጻችሁን አታጓድሉ፦ ቆጥራችሁ ካጣችሁ ዜሮ ጻፉ፣ ካልሄዳችሁ «አልተጎበኘም» በሉ። ባዶ የተተወ ሣጥን ውሎ አድሮ ዜሮ ሆኖ ይነበባል፣ ያልነበረ ዕልቂትም ይፈጥራል። ድሮን ወይም አውቶማቲክ ካሜራ ሲመጣ አሮጌውን ዘዴ ወዲያው አትተዉ፤ ለተወሰኑ ወቅቶች ሁለቱን ጎን ለጎን አካሂዳችሁ ልዩነቱን ለኩ። ሥራውን ለተተኪ ስታስረክቡም እንዲሁ፦ አንድ ሙሉ የመራቢያ ወቅት አብራችሁ ቆማችሁ፣ ለየብቻ ቁጠሩ፣ የሁለታችሁም ቁጥር በመዝገቡ ይግባ።