የሃንተርስ ፖይንት አፈር፦ ስለ ባሕር ኃይል መርከብ መጠገኛ ጽዳት ጥያቄና መልስ

ሃንተርስ ፖይንት ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ይገኛል። የአሜሪካ ባሕር ኃይል እስከ 1974 ድረስ መርከብ ሲጠግንበት ቆይቶ፣ በ1989 በፌዴራሉ መንግሥት ቅድሚያ በሚሰጣቸው የተበከሉ ቦታዎች ዝርዝር ገባ። ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ መርከብ በሚጠገንበት ቦታ ጨረር ከየት መጣ?

ከሁለት በኩል። በ1946 በፓስፊክ ውቅያኖስ ደሴት ቢኪኒ ላይ በተካሄዱት የአቶሚክ ቦምብ ሙከራዎች የተበከሉ መርከቦች ወደዚህ መጡ፤ አካላቸው በአሸዋ ግፊትና በአሲድ ተፋቀ። አውሮፕላን ተሸካሚዋ ኢንዲፔንደንስ አንዷ ነበረች፤ በ1951 ባሕር ውስጥ እንድትሰጥም ተደረገ። እስከ 1969 የጨረር ምርምር ላቦራቶሪም እዚያው ይሠራ ነበር። ሁለተኛውን ምንጭ ብዙ ሰው ይዘነጋዋል፦ በጨለማ እንዲታዩ ራዲየም የተባለ ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር የያዘ ቀለም የተቀቡ የመሣሪያ ሰሌዳዎችና የመርከብ ወለል ምልክቶች። ሲያረጁ ከሌላው ቆሻሻ ጋር ተቀበሩ።

ጥያቄ፦ ቀለሙ ማብራት ካቆመ ጨረሩ አለቀ ማለት አይደለም?

በፍጹም። የሚደክመው ብርሃን የሚሰጠው ዚንክ ሰልፋይድ ነው። የራዲየም-226 ግማሽ ዕድሜ፣ ማለትም ግማሹ የሚያልቅበት ጊዜ፣ 1,600 ዓመት ያህል ስለሆነ፣ ላቦራቶሪው ከተዘጋ ወዲህ የቀነሰው ከመቶ 2 ወይም 3 እጅ ብቻ ነው። ሌሎቹ ጨረር አመንጪዎች ሲዚየም-137 እና ስትሮንቲየም-90 ግን ግማሽ ዕድሜያቸው 30 ዓመት ገደማ ነው፤ በዚያን ጊዜ ከነበረው የቀረው ሩብ ያህል ነው።

ጥያቄ፦ አፈሩን መመርመር ሲባል በተግባር ምን ይደረጋል?

አሮጌው የፍሳሽና የዝናብ ውሃ ቱቦ ከነዙሪያው አፈር ተቆፍሮ ይወጣል። አፈሩ በተዘጋጀ ሜዳ ላይ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ውፍረት ኖሮት ይነጠፋል። ከዚያ በላይ ከተቆለለ የላዩ አፈር የታቹን ጨረር ይውጠዋል። ቀጥሎ የሶዲየም አዮዳይድ ጋማ መለኪያ ከመሬቱ በጥቂት ሴንቲ ሜትር ከፍታ፣ መስመር ሳይዘለል ይነዳል። ፍጥነቱ በሰከንድ ግማሽ ሜትር ወይም ከዚያ በታች መሆን አለበት። ሠራተኛው ከቸኮለ መለኪያው በአንዲት የሰሌዳ ቁራጭ ላይ ሰከንድ እንኳ ስለማይቆይ ንባቡ ከተፈጥሮው መዋዠቅ አይለይም።

ጋማ መለኪያው ዝም አለ ማለት ግን ጸዳ ማለት አይደለም። ስትሮንቲየም-90 ቤታ፣ ፕሉቶኒየም-239 በዋናነት አልፋ የተባሉትን ቶሎ የሚዋጡ ጨረሮች ስለሚያመነጩ በዚህ ዓይነት አሰሳ አይገኙም፤ የግድ ናሙና ወደ ላቦራቶሪ ይሄዳል። እዚህ ቦታ የተቀመጠው የአፈር ወሰን በግራም ለሲዚየም-137 0.113 ፒኮኩሪ (የጨረር አመንጪነት መለኪያ)፣ ለስትሮንቲየም-90 0.331፣ ለፕሉቶኒየም-239 2.59 ነው። ለራዲየም-226 ከተፈጥሮ መነሻው በላይ 1 ፒኮኩሪ ነው፤ ይህም በሌላው መለኪያ፣ በቤክሬል፣ በኪሎ 37 መሆኑ ነው።

ጥያቄ፦ የራዲየም ውጤት ለምን ሳምንታት ይፈጃል?

የራዲየም የራሱ የጋማ መስመር (ጨረሩ የሚታወቅበት ጉልበት) 186 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት ላይ ሲሆን፣ የዩራኒየም-235 መስመርም እዚያው ይደረባል። ስለዚህ በ609 ላይ የሚታየውን ቢስሙት-214 መቁጠር ይሻላል። ራዲየም መጀመሪያ ወደ ራዶን ጋዝ፣ ኋላም ወደ ቢስሙት ይለወጣል፤ ቢስሙቱ የሚገኘው ጋዙ ከውስጥ ካልሸሸ ነው። ናሙናው ደርቆ፣ አየር በማያስወጣ ዕቃ ታሽጎ፣ እነዚህ እስኪጠራቀሙ 21 ቀን ይቆያል። ክዳኑ ቢያስተነፍስ ውጤቱ ከእውነቱ ያንሳል፤ ስህተቱም አደገኛ በሆነው አቅጣጫ ነው።

ጥያቄ፦ ናሙና ተቀይሮ ነበር የሚባለውስ?

እውነት ነው። የአፈር ምርመራውን የሠራው ተቋራጭ ሁለት የሥራ ተቆጣጣሪዎች መዝገብ በማጭበርበር ጥፋተኛ መሆናቸውን አምነው፣ በ2018 እያንዳንዳቸው ስምንት ወር እስር ተፈረደባቸው። ንጹሕ አፈር ከሌላ ቦታ ተወስዶ በተጠርጣሪው ቦታ አፈር ምትክ ቀርቦ ነበር። ላቦራቶሪው የመጣለትን በትክክል ቢለካም ከየት እንደመጣ አያውቅም። መዝገቡን የሚመረምር ሰው ተፈጥሯዊውን ፖታሲየም-40 ይይ፤ እዚህ እንዳለው በሰርፐንቲን አለት ላይ ያለ አፈር ፖታሲየሙ ዝቅተኛ ስለሆነ፣ ሌላ ዓይነት አፈር ሲገባ ቁጥሩ ይናገራል። ከአንድ ጉድጓድ የወጡ ውጤቶች ከልክ በላይ መመሳሰላቸውም ያጠራጥራል። በእኔ አስተያየት የናሙናውን አመጣጥና ርክክብ የሚያሳየው ቅጽ ከመለኪያው የማይተናነስ መሣሪያ ነው።

ጥያቄ፦ ቁፋሮ ላይ ውሃ የሚረጨው ለጨረሩ ነው?

ለአቧራው ሁሉ፣ በተለይ ለአስቤስቶስ፤ ሰርፐንቲን በተፈጥሮው ይይዘዋል። ርጥበቱ ከመቆፈር በፊት ይጀምራል። ሲበዛ ግን ጭቃው በመኪና ጎማ ይወጣል፣ ጎርፉም ወደ ባሕር ይሄዳል። ስለዚህ ጎማ ማጠቢያና የጎርፍ መከላከያ አብረው ይዘጋጃሉ።

ጥያቄ፦ የከርሰ ምድር ውሃውስ?

ለቅባት ማጠቢያ የዋለው ትራይክሎሮኤቲሊን ወርዶበታል። የብረት ዱቄት ከውሃ ጋር ተበጥብጦ በግፊት ይገባል፤ ብረቱ ሲዝግ ክሎሪኑን ይነጥቃል። ሥራው በግማሽ ከቀረ ከመነሻው የባሰ ቪኒል ክሎራይድ ሊከማች ይችላል። ስለዚህ በክትትል ጉድጓዱ ትራይክሎሮኤቲሊን መቀነሱን ብቻ ሳይሆን፣ እሱ የሚለወጥባቸውን ተከታዮቹንም እስከ መጨረሻው፣ ክሎሪን እስከሌለው ኤቲን ድረስ መለካት ያስፈልጋል።

ጥያቄ፦ ቆሻሻ መጣያውን ለምን ጠርገው አይወስዱትም?

መጠኑ ትልቅ ነው፤ ፒሲቢ የተባሉ መርዛማ ኬሚካሎች፣ እርሳስና ራዲየም ተደባልቀውበታል፣ ዳሩም ባሕር ነው። የተመረጠው የከፋውን ቆፍሮ ማውጣትና ቀሪውን መሸፈን ነው። በነሐሴ 2000 ከሥሩ የተነሣው እሳት ለሳምንታት ሲጨስ ቆይቷል፤ ክዳን ሲባል አፈር ማልበስ ብቻ እንዳልሆነ ያኔ ታይቷል። የማያስተላልፍ ንጣፍ፣ ሜቴን የሚሰበስብ ቱቦና የባሕር ዳር መከላከያ ግንብ ያስፈልገዋል። የባሕሩ ወለል ከፍ ባለ ቁጥር የከርሰ ምድር ውሃውም ከታች ይነሣል፤ ግንቡ ይህን አያቆመውም። ክዳኑን የሚደግፍ ሁሉ ሊጠይቅ የሚገባው ስለዚህ ጉዳይ ነው።