ጥፋቱ የኢንጂኑ ብቻ አይደለም

ወንድሜ፣ «ጌም የሚበላሸው በኢንጂኑ ነው ወይ? ዩኒቲ ይሻላል አንሪል?» ብለሃል። ኢንጂን ማለት ጌም የሚሠራበት ሶፍትዌር ነው፤ ዩኒቲና አንሪልም ኢንጂኖች ናቸው። አብዛኛው ችግር የሚመጣው ከሠሪዎቹ ኮድና ከጥድፊያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው፣ የተመሰገነው ሆሎው ናይት የተባለው ጌም የተሠራው በዩኒቲ ነው፤ በዚያው በዩኒቲ የተሠራ የሚንገጫገጭ ጌምም ሞልቷል።

ኢንጂኑ ግን ጨርሶ ንጹሕ ነው ማለቴ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣውን ስካይሪም የተባለ ጌም ውሰድ። ፊዚክሱ (የዕቃዎቹ እንቅስቃሴ ስሌት) በሰከንድ ከሚታየው የፍሬም (የምስል) ብዛት ጋር የታሰረ ስለሆነ፣ በሰከንድ ከ60 ፍሬም በላይ ሲሮጥ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠው ሳህን ማንም ሳይነካው ይፈናጠራል። አንሪል ላይ ደግሞ ሼደሩ (ብርሃንና ቀለሙን የሚያሰላው ትንሽ ፕሮግራም) በጨዋታ መሃል ሲዘጋጅ ምስሉ ለቅጽበት ቀጥ ይላል። ሠሪዎቹ አስቀድመው ቢያዘጋጁት በጣም ይቀንስ ነበር።

እኛም ደብረ ብርሃን ጌም ቤት ስክሪኑ ቀጥ ባለ ቁጥር «ኢንጂኑ ነው!» እንባባላለን። እስቲ መጀመሪያ ግራፊክሱን ቀንሰህ ሞክር። ራስህ መሥራት ካማረህና ላፕቶፕህ ደከም ያለ ከሆነ ግን ጎዶት በተባለው ኢንጂን ጀምር፤ ነፃ ነው፣ ፋይሉም ትንሽ ነው።