መልስ፦ በሃያ የሚቆጥሩ ልጆች

ባህልና ትምህርት ሲቀላቀሉ ከጭፈራና ከአልባሳት ያለፈ ምሳሌ አለ ወይ ላልከው፣ አለ። አላስካ ውስጥ ካክቶቪክ የምትባል ትንሽ የኢኑፒያት (የአላስካ ነባር ሕዝብ) መንደር አለች። ቋንቋቸው የሚቆጥረው በሃያ ነው፤ የእጅና የእግር ጣት ተደምሮ ማለት ነው። የትምህርት ቤቱ ሒሳብ ግን በአስር ነው የሚሄደው።

እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ተማሪዎቹ ራሳቸው ለቋንቋቸው የሚስማማ የቁጥር ምልክት ፈጠሩ። ጉድ እኮ ነው! ምልክቶቹ ጭረቶች ናቸው። ሁለት ጭረት ላይ ሁለት ስትጨምር አራቱን ጭረት በዓይንህ ታየዋለህ፤ መሸምደድ የለም። በሃያ የሚቆጥር አባከስም (ዶቃ እየገፉ የሚቆጥሩበት መሣሪያ) ሠሩ። የከበዳቸው ዜሮ ነበር፤ ቋንቋቸው ለዜሮ ቃል አልነበረውም። የፈጠሩለት ምልክት ከራስ በላይ የተጣመሩ ክንዶችን ይመስላል። (የኛም የግዕዝ ቁጥር ዜሮ የለውም፣ እንዳትስቅባቸው።) እ.ኤ.አ. በ2022 ደግሞ ምልክቶቹ ዩኒኮድ ውስጥ (ኮምፒውተሮች ፊደልና ቁጥር የሚለዩበት ዓለም አቀፍ መለያ) ገቡላቸው።