ዲሽዋሸሩ ውሃ ይዞ ከቀረ፣ ፓምፕ ከመግዛትሽ በፊት

ማራኪ አካባቢ ነኝ ያልሽው እህቴ፣ ችግርሽ ሁለት ይመስለኛል። አንደኛ፣ ማሽኑ እጥበቱን ጨርሶ ከሥሩ ቆሻሻ ውሃ ይዞ ይቀራል። ሁለተኛ፣ በሮቶ ውሃ ስታሠሪው ሳይሞላ ይቆምና መብራቱ ብልጭ ብልጭ ይላል። ያየው ባለሙያ «ፓምፑ ተቃጥሏል፣ ይቀየር» ብሎሻል። በቴስተር ሳይለካ ከሆነ ያለው፣ ለጊዜው አትቀበዪው።

ስፒናውን ንቀይ፤ ማጥፊያውን መጫን ብቻ አይበቃም። የቀረውን ውሃ በስፖንጅ ቅዳሽ አውጪና ወለሉ ላይ ያለውን ክብ ፊልትሮ ወደ ግራ አዙረሽ አንሺው። እኛ ቤት እዚያ የሚገኘው የታወቀ ነው፤ አብጦ ሊጥ የሆነ እንጀራ፣ ከሽሮ ጋር የረጋ ቅቤ። በሙቅ ውሃና በጥርስ ብሩሽ እጠቢው። በብዙ ማሽኖች ከፊልትሮው ጉድጓድ ጎን አንዲት ትንሽ የፕላስቲክ ክዳን አለች፤ በማንኪያ እጀታ ፈንቀል አድርጊያት። ከኋላዋ ውሃውን የሚገፋው የፓምፑ ተሽከርካሪ አለ። የብርጭቆ ስባሪ ሊኖር ስለሚችል ጣትሽን አታስገቢ፣ በእንጨት ማንኪያ ጫፍ አዙሪው።

እየዘለለ፣ ገታ ገታ እያለ ከዞረ ደህና ነው። ውስጡ ማግኔት ስላለ እንጂ ብልሽት አይደለም፤ ይህችን የማያውቅ ሰው ነው ጤነኛ ፓምፕ የሚያስጥለው። ጨርሶ አልዞር ካለ የዶሮ አጥንት ወይም ስባሪ ይዞታል፣ በፒንሳ ይወጣል። ያለ ምንም ገታ ከተሽከረከረ ግን ተሰብሯል። ከዚያ የፓምፑን ሁለት የሽቦ እግሮች በቴስተር አስለኪ፤ ከ100 እስከ 250 ኦም ካነበበ ጥቅልሉ አልተቃጠለም። ቴስተሩ ምንም ካላነበበ፣ ያኔ ሰውየው ልክ ነው።

ፓምፑ ደህና ሆኖ ውሃው ካልወጣ የመውጫ ጎማውን ተከትለሽ ሂጂ። ብዙ ጊዜ የሚዘጋው ከሲንኩ ሲፎን ጋር የሚገናኝበት አንገቱ ነው። ሁልጊዜ በአጭሩ ፕሮግራም የሚታጠብ ከሆነ ውሃው በደንብ ስለማይሞቅ ቅቤው እዚያ ሄዶ ይረጋል። በሳምንት አንዴ በ65 ወይም በ70 ዲግሪ አሠሪው። ጎማው ደግሞ ቢያንስ 40 ሳንቲሜትር ከወለል ከፍ ብሎ ይታጠፍ፤ አለዚያ የሲንኩ እጣቢ ተመልሶ ይገባና ማሽኑ ያላወጣ ያስመስለዋል።

የሮቶው ጉዳይ የከፍታ ነው። 10 ሜትር ከፍታ 1 ባር ግፊት ይሰጣል። ሮቶሽ ከማሽኑ 2 ሜትር ብቻ ከፍ ካለ የምታገኚው 0.2 ባር ነው፤ አብዛኞቹ ማሽኖች ደግሞ ቢያንስ ከ0.3 እስከ 0.5 ባር ይፈልጋሉ። ማሽኑ የተወሰነ ደቂቃ ጠብቆ ውሃው ካልደረሰለት ራሱን ያቆማል። ለማወቅ ጎማውን ከቧንቧው ፍቺና 10 ሊትር ባልዲ ሙዪ። በ1 ደቂቃ ገደማ ከሞላ ውሃሽ በቂ ነው፤ 3 ደቂቃ ከፈጀ ጥፋቱ የማሽኑ አይደለም። የሮቶውን መቆሚያ ከፍ ማድረግ ወይም ትንሽ የግፊት ፓምፕ ማስገባት ነው።

ባልዲው ቶሎ ከሞላ ወደ ማሽኑ ውሃ የሚያስገባውን ጎማ ጫፍ ፍቺ፤ ውስጡ ትንሽ ወንፊት አለ። ውሃው በፈረቃ ጠፍቶ ሲመለስ ደለልና ዝገት ይዞ ስለሚመጣ ወንፊቱ ይደፈናል። አጥበሽ መልሺው እንጂ አትጣዪው፤ ያለ እሱ አሸዋው ቫልቩ ውስጥ ገብቶ ውሃው አልዘጋ ይላል፣ ቤቱም ይጥለቀለቃል። ጎማው በቧንቧው በኩል ትልቅ የፕላስቲክ ሳጥን ካለው ግን ውስጡ የኤሌክትሪክ ሽቦ ሊኖር ስለሚችል አትቁረጪው፣ ውሃ ውስጥም አትንከሪው።

ሌላው፣ ስፒናው እንደተሰካ ፓምፑ ሳያቋርጥ የሚጮህ ከሆነ ከማሽኑ ሥር ያለው ትሪ ውሃ ይዟል ማለት ነው። ከጎማዎቹ የሚያንጠባጥብ ካለ ፈልጊ። ከሌለ ደግሞ ቤት ውስጥ ማን ላርጎ እንደጨመረበት ጠይቂ፤ አረፋው ነው ሞልቶ የሚፈሰው።