ብረት 140፣ ሲሊከን 68፦ ሞተሩን ከማስወረድህ በፊት

ወንድሜ፣ የአይሱዙህ የሞተር ዘይት በ8,000 ኪሎ ሜትር በላብራቶሪ ሲመረመር ብረት 140፣ አሉሚኒየም 32፣ ሲሊከን 68 ፒፒኤም (ከሚሊዮን ስንት እጅ ማለት ነው) አሳየ፤ መካኒኩም «ብሮንዚን በልቷል፣ ሞተር ይውረድ» አለህ። እኔ ብሆን አልቸኩልም። ብሮንዚን (የሞተሩ ዘንግ የሚሽከረከርበት ተሸካሚ) ሲበላ ብዙ ጊዜ እርሳስና መዳብ ይዘላሉ፤ ያንተ እርሳስ 4 ብቻ ነው።

ወሬውን የሚያወጣው ሲሊከኑ፣ አቧራና አሸዋ ውስጥ ያለው ንጥረ ነገር፣ ነው። ሲሊከን ከአሉሚኒየምና ከብረት ጋር አብሮ ሲወጣ፣ አቧራ ከአየር ጋር እየገባ ፒስተኑንና ሲሊንደሩን እንደ ብርጭቆ ወረቀት እየፈገፈገው ነው ማለት ነው። (ሞተሩ በቅርቡ ተከፍቶ በሲሊኮን ማሸጊያ ከተገጠመ ሲሊከኑ ከዚያም ይመጣል፤ ያኔ ግን ብዙ ጊዜ ብረቱ እንዲህ አይከተለውም።)

ከአየር ፊልትሮው እስከ ቱርቦው ያለውን የጎማ ቱቦ ፍታና ውስጡን በነጭ ጨርቅ ጥረገው። ጨርቁ ቡናማ አቧራ ከያዘ ችግሩን አገኘኸው። እኔን የጎዳኝ የዚሁ ቱቦ አንድ የላላ ማሰሪያ ነበር፤ ፊልትሮውንማ በየሳምንቱ በኮምፕሬሰር አስነፋ ነበር! ማስነፋቱንም ተው፣ የፊልትሮውን ወረቀት ይቀደዋል።

የዘይት ፊልትሮውንም ሰንጥቀህ እየው፤ የላብራቶሪው መሣሪያ ከ10 ማይክሮን (ከሚሊ ሜትር መቶኛ) የተለቀ ፍርፋሪ እምብዛም አያነብም፣ እሱን የምታየው ፊልትሮው ውስጥ ነው። ከዚያ ዘይቱን ቀይርና በ3,000 ኪሎ ሜትር፣ ሞተሩ እንደሞቀ፣ ሌላ ናሙና ላክ።