ለመንገድ ብዬ ያገባሁትን ሰው ወደድኩት

ጥያቄ፦ ካርቱም ሰው ቤት እሠራ ነበር። ጦርነቱ የተነሣው በ2015 ዓ.ም. የፋሲካ ዋዜማ ነው። ለሴት ብቻዋን መውጣት ያስፈራ ስለነበር፣ ጀሪፍ በሚባለው የካርቱም ሰፈር ከሚኖር ያገሬ ልጅ ጋር በሁለት ምስክር ፊት ወረቀት አጽፈን «ተጋባን»። አገር ስንገባ ልንለያይ ነበር ስምምነታችን። በገዳሪፍ አድርገን በመተማ ገባን። ዛሬም አዲስ አበባ አንድ ክፍል ተከራይተን አብረን አለን። እሱ መሬት አንጥፎ ይተኛል። እኔ ግን ወድጄዋለሁ። በቀደም «መሄድ ከፈለግሽ አልይዝሽም» አለኝ። የኔ ነገር ፍቅር ነው ወይስ ውለታ? (ደብዳቤው አጥሯል)

መልስ፦ እህቴ፣ መጠራጠርሽ አይገርምም። ፍርሃት ሰውን ያቀራርባል። በ1974 እ.ኤ.አ. ደተን እና አሮን የተባሉ ተመራማሪዎች ካናዳ ውስጥ ካፒላኖ በሚባል፣ ከፍ ብሎ በሚወዛወዝ ድልድይ ላይ የሚያልፉ ወንዶችን አንዲት ሴት እንድታነጋግር አደረጉ። ስልኳንም ሰጠቻቸው። በኋላ የደወሉላት ሰዎች የማይነቃነቅ ድልድይ ላይ አግኝታቸው ከደወሉላት ይበልጡ ነበር። ተመራማሪዎቹ እንዳሉት፣ ልባቸውን ያስመታው ፍርሃት ነው፤ እነሱ ግን የሴትየዋ ነገር መሰላቸው።

የአንቺ እንዲህ አይመስለኝም። ስለ መንገዱ የጻፍሽው ጥቂት መስመር ነው። የቀረው ሁሉ ከመተማ ወዲህ ያለው ነው፦ ስትታመሚ አጥሚት ማፍላቱ፣ ከደላላ ሲከራከር ማሳቁ፣ ሲያመሽ በር በሩን ማየትሽ። ይህ አደጋው ካለፈ በኋላ የመጣ ስሜት ነው። ደግሞ በሻይ ስኳር ትጣላላችሁ! ባለውለታውን የሚፈራ ሰው በስኳር አይጣላም።

«አልይዝሽም» ያለሽን እንደ ማባረር አትስሚው። ቃል ገብቶልሻል፣ ቃሉን እየጠበቀ ነው። መሬት መተኛቱም ያው ነው። ችግሩ እዚህ ላይ ነው፦ እሱ ቀድሞ ቢናገር ውለታውን ያስከፈለሽ ይመስለዋል። አንቺ ደግሞ ሴት ቀድማ አትናገርም ብለሽ ዝም ብለሻል። በዚህ አያያዛችሁ ሁለታችሁም በጨዋነት ታረጃላችሁ። መናገር ያለብሽ አንቺ ነሽ።

ምስጋናውን ከፍቅሩ ጋር አታደባልቂው። አንድ ቀን ስላወጣሽ አመስግኚውና በዚያው ይብቃ። ሌላ ቀን «ስምምነታችን አልቋል፤ አሁን አብሬህ መኖር የምፈልገው ስለወደድኩህ ነው» በይው። ሽማግሌም ጓደኛም አትላኪ። መልሱንም እዚያው ካልሰማሁ አትበይ፣ ጊዜ ስጪው። ላይቀበልሽም ይችላል፣ ያማል። ለጊዜው የምታርፊበት ዘመድ ወይም ጓደኛ አስቀድመሽ አስቢ።

ጎማ ሲፈነዳ ሁለታችሁም እንደምትደነግጡ ጽፈሻል። ይህ ከፍቅሩ ጥያቄ የተለየ ነው። እንቅልፍ የሚነሳችሁ ከሆነ ሳትውሉ ሳታድሩ የአእምሮ ጤና ባለሙያ ጋ ሂዱ።

እሺ ካለሽ ደግሞ ለድግስ አትቸኩሉ። ጎረቤቱ ባልና ሚስት ስለሚላችሁ መተጫጨቱን ዘላችሁታል። ከቤት ወጣ ብላችሁ ቡና ጠጡ፤ ስለ ልጅ፣ ስለ ገንዘብ፣ ለየቤተሰቡ ስለሚላከው ብር ተነጋገሩ። ካርቱም የተጻፈችው ወረቀት እዚህ ትሠራ እንደሆነም የሕግ ባለሙያ ጠይቁ።