መልስ፦ ተቃውሞው ከታወቀ በኋላ ለምን ወዲያው አይጠፋም?

ወንድሜ፣ የሥነ ልቦና ሐኪሙ ተቃውሞውን፣ ማለትም ታካሚው ከሚያሳምም ሐሳብ ሳያውቀው የሚሸሽበትን መንገድ፣ በግልጽ ካሳየው በኋላ ታካሚው ለምን ወዲያው አይለወጥም ብለህ ጠይቀሃል። የሥነ ልቦና ትንተና (ሳይኮአናሊሲስ) መሥራች ሲግመንድ ፍሮይድም እ.ኤ.አ. በ1914 ይህንኑ ቅሬታ ከሐኪሞች ደጋግሞ እንደሚሰማ ጽፏል። ለእሱ ተቃውሞውን መጠቆም መነሻ ብቻ ነው፤ ታካሚው ከተቃውሞው ጋር እየታገለ በደንብ እንዲያውቀው ጊዜ ያስፈልገዋል።

ታካሚው ስለ አባቱ ሊናገር ሲል ዝም ይላል እንበል፤ ሌላ ቀን ያረፍዳል፤ ደግሞ «ምንም አልመጣልኝም» ይላል። ሐኪሙ አይገሥጸውም፤ ዝምታው ከየትኛው ሕመም እንደሚከልለው አብሮት ይመረምራል። ያው ሽሽት በትዳሩም፣ በሥራውም፣ ከሐኪሙ ጋር ባለው ግንኙነትም ሲደጋገም ታካሚው ቀስ በቀስ ራሱ ያስተውለዋል። እኔ ትልቁ ለውጥ የምለው ይህን ነው። አንተም ሕክምናውን ለማቋረጥ ካሰብህ፣ ከመቅረትህ በፊት ሐሳቡን ለሐኪምህ ንገረው።